«የወባ ኪኒን ምን ያደርግልሻል?» ብሎ 11,400 ብር የወሰደብኝ ሰፕልመንት

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ውስጥ ሉፐስ፣ ሩማቶይድ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ወይም የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሕመም ይዟችሁ «ኢሚዩኒቲ (የበሽታ መከላከያ አቅም) የሚጨምር» ሰፕልመንት ግዙ እየተባላችሁ ላላችሁ ነው። እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የእኔን ስሙኝ። 11,400 ብር ከፍያለሁ። ብሩ ያናድዳል፤ ኩላሊቴ ላይ የደረሰው ግን ያስፈራኛል።

ሉፐስ እንዳለብኝ ካወቅሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ጉንጬና አፍንጫዬ ላይ ቀይ ሽፍታ ሲወጣ ቤተሰቡ ሁሉ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያሽልኝ ነበር። የከተማችንን የቀትር ፀሐይ የምታውቁ ለምን እንዳመንኩ ይገባችኋል። በኋላ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልጨበጥ አሉ። ፀጉሬ ተነቃቀለ። በደምና በሽንት ምርመራ ነገሩ ታወቀ። ሐኪሟ ስታስረዳኝ፣ ከበሽታ እንዲጠብቀኝ የተፈጠረው የሰውነቴ ዘበኛ ጠላትና ወዳጅ መለየት አቅቶት የቤቱን ሰው እየደበደበ ነው አለችኝ። ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ትንሽ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ አዘዘችልኝ። ወራት ፈጀ እንጂ ተሻለኝ። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አስቤዛዬን ራሴ ተሸክሜ እመለስ ጀመር።

ባለፈው ዓመት አንዲት የማኅበር እህታችን ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ «የጤና ሥልጠና» አለ ብላ ይዛኝ ሄደች። ክፉ አስባ አይደለም። እሷም አምና ነው፤ ሰው ባመጣች ቁጥር ነጥብ እንደሚቆጠርላት ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ነበር፤ ሁሉም «ዶክተር» ይሉታል። ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘ ብረት አስጨበጠኝና ከአንድ ደቂቃ በኋላ ወረቀት አወጣ። «እታለም፣ ኢሚዩኒቲሽ 40 በመቶ ወርዷል» አለኝ። ደነገጥኩ። ብረት በመጨበጥ የበሽታ መከላከያ አቅም እንደማይለካ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ወረቀቱ ላይ ቀይና አረንጓዴ መስመር ስላለ አመንኩት።

የምወስደውን መድኃኒት ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሳቀ።

«ይሄማ የወባ ኪኒን ነው! የወባ ኪኒን ምን ያደርግልሻል? ኬሚካሉን ተይውና ተፈጥሯዊውን ጀምሪ።»

እንግዲህ እኛ የጣና ዳር ሰዎች ነን። ወባን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃታለን። ስለዚህ ይህ ንግግር በቀላሉ ልብ ውስጥ ይገባል። እውነት ነው፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለወባም ይሰጥ የነበረ መድኃኒት ነው። ሉፐስ ላይ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ የተቆጣውን ዘበኛ ያረጋጋል። በካናዳ 47 የሉፐስ ታማሚዎችን ይዞ የተሠራና በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሁሉም በመድኃኒቱ ደህና ሆነው የቆዩ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ቀጠሉ፤ ለሌሎቹ መድኃኒት የሌለው ተመሳሳይ ኪኒን ተሰጣቸው። መድኃኒት የሌለውን በወሰዱት ላይ ሕመሙ የማገርሸት ዕድሉ 2 ተኩል እጥፍ ሆነ። ይህን ሐኪሜ የነገረችኝ ካቆምኩት በኋላ ነው።

የገዛሁት ሦስት ቆርቆሮ አረንጓዴ ዱቄት ነው፣ አንዱ 2,800 ብር። አንድ ብልቃጥ እንክብል ደግሞ 3,000 ብር። «ፓኬጅ» ይሉታል። የቆርቆሮውን ጀርባ ያነበብኩት ከታመምኩ በኋላ ነው። ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል፤ በስልክ ፎቶ አንስቼ አጉልቼ ነው ያየሁት። ኢክናሲያ (የአበባ ተክል ነው)፣ ስፒሩሊና (ውሃ ውስጥ የሚበቅል አልጌ ነው)፣ አልፋልፋ ይላል።

አልፋልፋን ገበሬዎቻችን ለከብት መኖ ሲዘሩት ታውቁታላችሁ። ለላሟ ጥሩ ነው። ውስጡ ግን ካናቫኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. በታተመ ምርምር የአልፋልፋ ቡቃያ የተመገቡ ጦጣዎች ሉፐስ የመሰለ ሕመም ይዟቸዋል። አልፋልፋ በኪኒን መልክ ሲወስዱ ሕመማቸው ያገረሸባቸው ሰዎችም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። የሉፐስ ሐኪሞች በግልጽ «አትውሰዱ» የሚሉት ለዚህ ነው። ኢክናሲያም የሚሸጠው ዘበኛውን ቀስቅሶ ያነቃል ተብሎ ነው። የእኛ ዘበኛ እንቅልፍ አላስቸገረውም! ስፒሩሊናም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ሻጩ «ከሐይቅ የሚገኝ የተፈጥሮ ምግብ» አለኝና ጣናን አሰብኩ። ስፒሩሊና በአገራችን የሚታወቀው እንደ ጭቱ ባሉ የስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆች ነው። ተፈጥሯዊ መሆኑ ብቻውን ለእኛ ዋስትና አይሆንም።

ሃይድሮክሲክሎሮኪኑን አቆምኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም ነቃ ያልኩ መሰለኝ። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ፣ በሳምንታትና በወራት ስለሆነ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። በሁለተኛው ወር ድካሙ መጣ። ጣቶቼ አበጡ። ለሻጩ ደወልኩለት። «በጣም ጥሩ ምልክት ነው፣ መርዙ እየወጣ ነው። በቀን ሁለት የነበረውን ማንኪያ አራት አድርጊው» አለኝ።

እዚህ ቦታ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህ አነጋገር ወጥመድ ነው። ከተሻላችሁ ዱቄቱ ሠራ ይላሉ። ከባሰባችሁም ሠራ ይላሉ። እኔ በዚያ ምክር አምስት ሳምንት ተጨማሪ ቆየሁ። እግሬ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ እብጠት ያዘው። ሽንቴ አረፋ ይሠራ ጀመር። ስመረመር ፕሮቲን እየፈሰሰኝ ነው ተባለ፤ ሉፐሱ ኩላሊቴን ነክቷል። ዱቄቱ ነው ወይስ መድኃኒቱን ማቆሜ? ሐኪሜን ስጠይቃት «መለየት አይቻልም፣ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ» አለችኝ። ሳትቆጣኝ ነው ያለችኝ፤ ለዚያ አመሰግናታለሁ።

ፕሬድኒሶሎኑንም ጣዪው ብሎኝ ነበር። እሱን ፈርቼ አልጣልኩትም፤ እግዚአብሔር ጠበቀኝ። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታትና ለወራት ሲወሰድ ሰውነት ኮርቲዞል የሚባለውን የራሱን ተፈጥሯዊ ስቴሮይድ ማምረት ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድና ራስን መሳት ይመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። መቀነስ ካለበት በሐኪም፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

ስለ ሌላኛው፣ ስለ እንክብሉ፣ ደግሞ ልንገራችሁ። ለቁርጥማት ነው ብሎ የሸጠልኝ ነው። ጎረቤታችን ጋሼም ሩማቶይድ አለባቸው፤ ተመሳሳዩን ገዝተው በሁለት ቀን ውስጥ ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋላቸው። የእሳቸው ውስጥ ምን እንዳለ አልተመረመረም፤ ስለዚህ አልከስም። ግን «ዕፅ ብቻ ነው» የተባለ ነገር በሁለት ቀን እንዲህ ሲሠራ መጠርጠር አለብን። አርትሪ ኪንግ የሚባል የመገጣጠሚያ ሰፕልመንት ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሲመረመር መለያው ላይ ያልተጻፈ ዴክሳሜታዞንና ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ተገኘበት። ዴክሳሜታዞን ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢደርበው፣ ሳያውቅም ቢያቆመው፣ አደጋው ከላይ ያልኳችሁ ነው።

ሰፕልመንት ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። እኔም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እወስዳለሁ፤ ፕሬድኒሶሎን አጥንት ስለሚያሳሳ በሐኪም የታዘዘልኝ ነው። ለሩማቶይድ የሚታዘዘውን ሜቶትሬክሴት የምትወስዱ አብሮ የሚታዘዘውን ፎሊክ አሲድ «ተራ ቫይታሚን ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት። የታይሮይድ ኪኒን የምትወስዱ ካልሲየምና አይረንን ከኪኒኑ 4 ሰዓት አራርቁት፤ አብረው ከተዋጡ ኪኒኑን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ለፀጉር እየተባለ የሚሸጠው ባዮቲንም አለ። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ነው፤ አንዳንዱ ኪኒን ግን 10,000 ይይዛል። የታይሮይድ የደም ምርመራን ሊያሳስት ስለሚችል ከመመርመራችሁ በፊት ተናገሩ። እርድንም ወጥ ውስጥ ብሉት። ተጨምቆ ከቁንዶ በርበሬ ጋር በእንክብል የሚሸጠው ግን ጉበት እንደጎዳ ተመዝግቧል፤ ሜቶትሬክሴትም ጉበት ላይ ጫና አለው።

ገንዘቤን ላስመልስ ብዬ ሄጄ ነበር። ሁለቱ ቆርቆሮ ብቻ ነው የተከፈተው፤ ሦስተኛው እንደታሸገ ነው። «ግዢ ሳይሆን የአባልነት ክፍያ ነው የከፈልሽው፣ አባልነት አይመለስም» አሉኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «በስልክ ስለከፈልሽ መልእክቱ ደረሰኝሽ ነው» ተባልኩ። መልእክቱን ሳየው ብሩ የገባው በግለሰብ ስም ነው። ያን ቀን ማየት ነበረብኝ። እናንተ ከመላካችሁ በፊት ስሙን እዩ። ማኅተም ያለው ደረሰኝ ካልሰጡ አትክፈሉ። አምራቹ፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን በግልጽ ካልተጻፈ አትውሰዱ። መለያውን አራቱንም ጎን ፎቶ አንሱና መድኃኒታችሁን ለሚሰጣችሁ ፋርማሲስት አሳዩት፤ እኔ ሳሳየው አልፋልፋ የሚለውን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። የምትጠረጥሩት ነገር ካለ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ የስልክ ጥሪ ይቀበላል። እኔ ደውያለሁ።

ያልተከፈተው ቆርቆሮ እቤት አለ። አልጣልኩትም፤ ማስረጃ ነው። በዚያ አዳራሽ የገዛችሁ ካላችሁ የምርት ቁጥሩን ከእኔው ጋር እናስተያይ። አቤቱታውን ስንበዛ አብረን እናስገባዋለን። መድኃኒቱን ያቆማችሁ ካላችሁ ግን የእኔን መልስ አትጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ሐኪማችሁ ጋር ሂዱ፣ ሽንታችሁንም አስመርምሩ።