ግራናይት 4ኛ ፎቅ ላወጣልኝ ባለሙያ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ኪችን እያሠራችሁ ላላችሁ፣ በተለይ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ላይ ለምትኖሩ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። በዚያው ላመስግነው። ፊት ለፊት ሳመሰግነው «ሥራዬ ነው እኮ» ብሎ አላስጨረሰኝም።

ቤቴ ሰሚት ነው፣ 4ኛ ፎቅ። ከኔ በላይ ያለው ጣሪያ ብቻ ነው። የኪችኑ ካቢኔት ተሠርቶ አልቆ የቀረው ላዩ ላይ የሚያርፈው ግራናይት ነበር። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር። መሃሉ ላይ መቀጠያ እንዲታይ ስላልፈለግሁ አንድ ወጥ ይሁን ብያለሁ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ግራናይት ግን በሜትር ኩብ ወደ 2,700 ኪሎ ይመዝናል። ብታሰሉት ይቺ አንዷ ቁራጭ ብቻ ወደ 116 ኪሎ ትመጣለች። ከኩንታል በላይ የሆነ፣ መያዣ የሌለው፣ በዚያ ላይ የሚሰበር ነገር።

መጀመሪያ ያነጋገርኩት ሰው በስልክ ጨረሰው። «ችግር የለውም፣ አራት ጎረምሳ ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። ደረጃው ጠባብ ይሁን ሰፊ እንኳ አልጠየቀም። እኔ ደግሞ ቶሎ «ችግር የለውም» የሚለኝን ባለሙያ እፈራለሁ። ተውኩት።

ከዚህኛው ጋር ጎረቤቴ ናት ያገናኘችኝ። ድንጋዩ ገና መቁረጫ ቤት እያለ ደረጃውን ሊያይ መጣ፣ ለዚህ ደግሞ ሳንቲም አልጠየቀም። በግራናይቱ ርዝመት ልክ የተቆረጠ ሞራሌ እንጨት ይዟል። ሞራሌውን በትከሻው አድርጎ ከምድር እስከ እኔ በር ድረስ ወጣ። በየማረፊያው እየቆመ ያዞረዋል፣ ያጋድመዋል፣ መልሶ ያቆመዋል። 3ኛ ፎቅ ጋ ስንደርስ ጫፉ ግድግዳውን ነካ። እርሳስ አውጥቶ ምልክት አደረገ። «እዚህ ጋ የፊቱን ጫፍ ከመደገፊያው ብረት በላይ አንስተን ነው የምናዞረው» አለ። ሞራሌ ቢጋጭ ቀለም ነው የሚልጠው። ግራናይቱ ቢጋጭ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሲወርድ ደግሞ የየፎቁን በር እያንኳኳ ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ታውቁታላችሁ፤ ጀሪካኑ፣ የከሰል ማዳበሪያው፣ የልጆች ሳይክሉ፣ የአበባ ማሰሮው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። «ነገ ጠዋት ትንሽ እናስቸግራችኋለን፣ እቃችሁን ለአንድ ሰዓት ብቻ አስገቡልን» እያለ ዞረ። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ኮሚቴው በማስታወቂያ ለምኖ ያላስነሳውን እቃ እሱ በትህትና አስነሳው።

የሲንኩን ቀዳዳ ደግሞ መቁረጫ ቤቱ ቆርጦ ሊልክልኝ ነበር። እሱ ነው ያስቆመኝ። ቀዳዳው ከወጣ በኋላ ከፊትና ከኋላ የሚቀረው ድንጋይ ቀጭን ነው። ደረጃ ላይ ትንሽ ከተጣመመ እዚያ ጋ ነው የሚሰነጠቀው። «ሙሉውን እናውጣው፣ ቀዳዳውን እላይ ቤት ከገባ በኋላ እከፍተዋለሁ» አለኝ። የሥራውን ግማሽ ያዳነው ይሄ ይመስለኛል።

የጫኝና አውራጅ ነገርም አለ። የሰፈሩ ልጆች መኪና ሲቆም ይመጣሉ፣ ዋጋ ይጠራሉ፣ ጭቅጭቅ ይነሳል። እሱ አልተጨቃጨቀም። ቀድሞ ሄዶ አነጋግሯቸዋል። ከመኪና አውርደው ደረጃው ሥር ድረስ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው፤ ወደ ላይ የሚያወጡት የሱ ሰዎች። ዋጋውም ድንጋዩ መሬት ሳይነካ ተቆርጧል። «እነሱም እንጀራቸው ነው» አለኝ።

ከዚያ መውጣቱ ተጀመረ። ግራናይት በጎኑ ቆሞ ነው የሚሄደው። ካጋደሙት በራሱ ክብደት ከመሃሉ እንደ ደረቀ ቂጣ ቀጭ ሊል ይችላል። አራት ሰው፣ ሁሉም ጓንት ያጠለቀ፣ ሰፋፊ የጭነት ቀበቶ ከሥሩ ተላልፎ ትከሻቸው ላይ። ደረጃ ላይ ክብደቱ ወደ ታች ስለሚመጣ ሁለቱ ጠንካሮች ከታች ሆኑ። እሱ ራሱ አልተሸከመም። ከፊታቸው ወደ ኋላ እየረገጠ ይመራቸዋል። አንደኛ ፎቅ ያሉ ሰውዬ «አለቃ መሆን እንዴት ደስ ይላል» ብለው ቀለዱበት። ስቆ አለፋቸው።

ሕጉ አንድ ነው፤ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። «ቁም» ሲል አራቱም ይቆማሉ። በየማረፊያው የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ ቀድሞ አንጥፏል፣ ድንጋዩ ሲያርፍ ጠርዙ ሲሚንቶ አይነካም። እናቴ ከላይ ሆና «ቀስ በሉ ልጆቼ! በእመቤቴ!» ትላለች። ቀና ብሎ «እማማ፣ ይጸልዩልን፣ ግን በልብዎ» አላት። ልጆቹ በሳቅ ሊለቁት ነበር። «ቁም!» አለ ወዲያው። ሳቁ እስኪያልቅ አሳርፈውት ጠበቁ።

3ኛ ፎቅ፣ የእርሳሱ ምልክት ጋ፣ እሱም ገብቶ ትከሻውን ሰጠ። የፊቱ ጫፍ በብረቱ ላይ ከፍ ብሎ አለፈ። ከግድግዳው ጋር የቀረው ክፍተት እጅ አያስገባም። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ግድግዳው ላይ ጭረት የለም፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ቤት ከገባ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ካቢኔቱን በውሃ ልክ ሲለካው አንዱ ጥግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ድንጋዩን ሳያሳርፍ እሱን አስተካከለ፤ ሥሩ ክፍተት ካለ ግራናይቱ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል አለኝ። የሲንኩን ቀዳዳ ሲከፍት መጀመሪያ አራቱን ማዕዘኖች በድሪል በሳ፣ ከዚያ ነው በግራይንደር ያገናኛቸው። ስንጥቅ የሚነሳው ከሹል ማዕዘን ስለሆነ ነው። ሲቆርጥ አንዱ ልጅ ውሃ ያፈሳል። የግራናይት ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ሁሉም ማስክ አድርገዋል፣ የሳሎኑንም በር በላስቲክ ሸፍነዋል። ሲጨርሱ ጭቃውን ራሳቸው ጠረጉ። ይሄን እንኳ አልጠበቅሁም ነበር።

እንከን የለውም አልልም። ጠዋት ከተባባልነው ሰዓት በጣም አርፍዶ ነው የመጣው፣ ደውሎም አላሳወቀኝም። ዋጋውም ከሌሎቹ ወደድ ይላል። ግን የተናገራት ዋጋ እስከ መጨረሻው ያችው ናት። ደረጃ መሃል ላይ አቁሞ «ይሄ እኮ ከበደ፣ ጨምሪ» የሚል ነገር አልሰማሁም። ገንዘቡን ስሰጠው ለልጆቹ እዚያው ፊቴ አካፈላቸው።

ቁጥሩን እዚህ አልለጥፍም፣ እሱም አልፈለገም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። የድንጋዩን ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት፣ የፎቁን ቁጥርና የደረጃውን ፎቶ ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ሥራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም፣ ቴክስት አድርጉለት፣ ማታ ይደውላል።