አይጥ በድምጽ ያባርራል የሚሉትን ማሽን ለወርክሾፓችሁ እንዳትገዙ!

ሰላም ቤተሰብ፣ ይሄን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ ትንሽም ብትሆን የእንጨት ወይ የብረት ስራ ቦታ ላላቸው ሰዎች ነው። ሶኬት ላይ ተሰክቶ "በአልትራሶኒክ (የሰው ጆሮ በማይሰማው) ድምጽ አይጡንም በረሮውንም ጉንዳኑንም ሁሉንም ያባርራል" እየተባለ የሚሸጠውን ነገር ልትገዙ ካሰባችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ይሄን አንብቡ። እኔ ባለ ሶስት ፍሬውን ፓኬጅ ገዝቼ ገንዘቤ ብቻ ሳይሆን እቃዬም ነው የተበላው።

ነገሩ የጀመረው የመሮ መሳቢያዬን ስከፍት የአይጥ ኩስ ሳገኝ ነው፣ በጣም ነው የደነገጥኩት ምክንያቱም ወርክሾፑ ከቤቱ ጋር በአንድ በር ነው የሚገናኘው፣ ልጆችም ይገባሉ ይወጣሉ። መርዝ መበተን አልፈለኩም። በዛው ሰሞን ኦንላይን ላይ ማስታወቂያው መጣብኝ፣ ንጹህ፣ ሽታ የሌለው፣ ለልጆች የማያሰጋ፣ አንዱ ብቻ 120 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፣ እና ሪቪዎቹ በሙሉ አምስት ኮከብ። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ የሚባለው እውነት ነው። በኋላ ተመልሼ በደንብ ሳነባቸው አብዛኞቹ "ዛሬ ደረሰኝ፣ አሪፍ እቃ ነው፣ መብራቱም ያምራል" የሚሉ ናቸው፣ ማለትም ገና ሳይሞክሩት የተጻፉ። አንድ ወር ተጠቅሞበት የጻፈ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማሽኑ አለመስራቱ አንድ ነገር ነው፣ ሽያጩ የተሰራበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ሪፈንድ የሚጠየቀው በ14 ቀን ውስጥ ነው ይላል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ደሞ ውጤት ለማየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ ይላል። መጀመሪያ ላይ አይጦቹ የበዙ ከመሰላችሁ አትደንግጡ፣ ድምጹ ረብሿቸው ከጎሬያቸው እየወጡ ነው ይላል። አያችሁ? አይጥ ካላያችሁ ሰርቷል፣ አይጥ ካያችሁም ሰርቷል። እኔም በ10ኛው ቀን ደውዬ ምንም ለውጥ የለም ስላቸው ልጅቷ በጣም በትህትና "እሱማ ትክክለኛ ምልክት ነው፣ ትንሽ ይታገሱ" አለችኝ፣ ታገስኩ፣ ከዛ በ5ኛው ሳምንት ስደውል ቀኑ አልፏል ተባልኩ። አለቀ።

ያ መታገስ ነው ያከሰረኝ። ትንሿ የቤት አይጥ ከ19 እስከ 21 ቀን ብቻ ነው የምታረግዘው፣ በአንዴ አምስት ስድስት ትወልዳለች፣ ልጆቿም ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው እነሱም ለመውለድ ይደርሳሉ። ስለዚ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቁ ማለት አንድ ዙር ይወለድላችሁ ማለት ነው። እኔ ጋር ያገኘሁት ልክ እሱን ነው፣ ከመደርደሪያው ስር የፖሊሽ ጨርቅ የማስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ጨርቁን በጣጥሰው ጎጆ ሰርተው፣ ገና አይናቸው ያልተከፈተ ስድስት ልጆች። የእንጨት መፈልፈያ ማሽኔ (ራውተሬ) ኬብል ሁለት ቦታ ተልጦ መዳቡ ይታያል፣ ሳላየው ሰክቼው ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። ከጥግ ያቆምኩት ስስ የእንጨት ልጣጭ በሽንታቸው ቆሽሾ ሊሰራበት አይችልም። ማሽኑ ደሞ ከጎጆው ሁለት ሜትር እንኳን አይርቅም፣ ሰማያዊ መብራቱ በርቷል።

ለምን እንደማይሰራ ስረዳ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ (የድምጽ ቅጥነት መለኪያ) ነው፣ አይጥ ከዛ በላይ በደንብ ትሰማለች፣ እዚህ ድረስ ያሉት እውነት ነው። ግን እንደዚ ያለ ቀጭን ድምጽ ግድግዳ አያልፍም፣ ካቢኔት አያልፍም፣ ጨርቅና ካርቶን ይውጠዋል፣ በራቀ ቁጥርም ቶሎ ይደክማል። ወርክሾፕ ማለት ደሞ ከላይ እስከ ታች የተደረደረ ጣውላ፣ የሰጋቱራ ከረጢት፣ መደርደሪያ ነው፣ አይጧ ያለችው ከነዛ ጀርባ ነው እንጂ መሃል ወለሉ ላይ ቆማ አይደለም። ብትሰማው እንኳን ቀናት ሲያልፉ ትለምደዋለች። ሌላ ደሞ አስቡት፣ ኮምፕሬሰር ያላችሁ ሰዎች፣ የአየር ቱቦ ሲያፈስ የሚወጣው ድምጽ ራሱ ውስጡ አልትራሶኒክ አለበት፣ የአየር ሊክ መፈለጊያ መሳሪያዎች 40 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሚያዳምጡት ለዚህ ነው። የኔ ኮምፕሬሰር መጋጠሚያው ላይ ሲያፈስ ቆይቷል፣ አይጦቹ ግን ብዙ ኩስ የጣሉት ከሱ ስር ነው። ለበረሮና ለጉንዳንማ ጭራሽ አይነሳ። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ2001 እ.ኤ.አ. ከ60 በላይ ለሚሆኑ የነዚህ ማሽኖች አምራቾችና ሻጮች የምትሉትን በሳይንስ ማስረጃ ደግፉ የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኳል፣ ይሄ ሁሉ አመት አልፎም አሁንም በአዲስ ካርቶን ይሸጣል።

ሪፈንዱን ከከለከሉኝ በኋላ ደሞ "ጠንከር ያለ ነገር እንስጥዎት" ብለው ሁለት ነገር ሊሸጡልኝ ሞከሩ፣ እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁልኝ። አንደኛው ክፍሉን በጭስ የሚሞላ የነፍሳት ማጥፊያ ቆርቆሮ ነው። አብዛኛው መድሃኒቱን ገፍቶ የሚያወጣበት ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፣ ቲነርና የእንጨት ብናኝ ያለበት ቦታ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል፣ መድሃኒቱም ወለልና ጠረጴዛ ላይ ያርፋል እንጂ በረሮው ያለበት ስንጥቅ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው ምንም ጽሁፍ በሌለው ፌስታል የታሰረ ግራጫ እንክብል ነው፣ አልሙኒየም ፎስፋይድ የሚባለው። ወገኖቼ ይሄ የእህል መጋዘን በሰለጠነ ባለሙያ የሚታጠንበት ነገር ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፣ ጋዙ በስንጥቅና በበር ስር አልፎ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፣ ማርከሻ የለውም። ቤት ውስጥ በዚህ ምክንያት ቤተሰብ ያለቀበት አጋጣሚ አለ። ማንም ሰው አይጡን በአንድ ሌሊት ይጨርስልሃል ብሎ ቢሰጣችሁ እንዳትቀበሉ፣ በነጻም ቢሆን።

በመጨረሻ እኔን የገላገለኝ ሁለት ቅዳሜ የፈጀ ጽዳትና ቀዳዳ መድፈን ነው። የቤት አይጥ 6 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ክፍተት፣ እርሳስ በሚያስገባ ማለት ነው፣ ታልፋለች፣ ስለዚ እርሳስ ይዤ ዙሪያውን ዞርኩ፣ የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ መስመር የሚገባበትን ሁሉ፣ የበሩን ስር፣ ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን። የብረት ሱፍ ጠቅጥቄ ከላይ በሲሚንቶ ዘጋሁት። ሲነፋ የሚያብጠውን መድፈኛ ፎም ብቻውን እንዳትጠቀሙ፣ በአንድ ሌሊት ነው የሚበሱት። ከዛ የሚሰብረውን ተራ ወጥመድ ግድግዳውን ተከትሎ፣ ምግቡ የሚደረግበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ልጆች በማይደርሱበት አስቀመጥኩ፣ ምክንያቱም አይጥ መሃል ለመሃል አትሄድም ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። አንድ ወጥመድ አይበቃም፣ እኔ ስምንት ነበር የዘረጋሁት።

ካርቶን በሙሉ አስወጣሁ፣ በረሮ ካርቶን ውስጥ መደበቅም እንቁላል መጣልም ይወዳል፣ እቃዎቼን ክዳን ወዳለው የፕላስቲክ ሳጥን አዞርኩ፣ ጣውላውን ከወለል አንስቼ ከግድግዳም አራቅኩት፣ ጀርባው እንዲታየኝ። የሰጋቱራ ከረጢቱን ሲሞላ ሳይሆን ስራ በጨረስኩ ቁጥር ነው አሁን የማወጣው፣ ለአይጥ የተነጠፈ ፍራሽ ማለት እኮ ነው። ለቀሩት ጥቂት በረሮዎች ጄል መድሃኒት በስንጥቁ ጫፍ ነጠብ ነጠብ አደረኩ፣ ጄል ባደረጋችሁበት ቦታ ግን ስፕሬይ እንዳትነፉ፣ ሽታው ያርቃቸውና ጄሉን አይበሉትም።

ስታጸዱ ደሞ የአይጥ ኩስ በደረቁ እንዳትጠርጉ፣ በኮምፕሬሰርም እንዳትነፉት፣ ብናኙ ሃንታ የሚባል ከአይጥ ወደ ሰው የሚተላለፍ አደገኛ ቫይረስ ሊያስይዝ ይችላል። በር መስኮት ከፍታችሁ ቦታው አየር ካገኘ በኋላ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አርጥቡት፣ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ በወረቀት አንሱት፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አታቀላቅሉ። ሰጋቱራውንም ቢሆን በአየር መንፋት ልማድ ሆኖብናል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል፣ በቫኪዩም ሳቡት። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ካላችሁ ደሞ ሳጥን ውስጥ አትከምሩ፣ በራሱ ሞቆ ሊነድ ይችላል፣ እኔ አይጦቹ የበጣጠሱት ጨርቅ ውስጥ እንደዛ አይነት አግኝቻለሁ፣ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ማሽኑን ገዝታችሁ ገና 14 ቀን ያልሞላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ መልሱት፣ ስልክ አትደውሉ፣ በጽሁፍ ጠይቁ መልሱም በጽሁፍ ይሁን፣ ታገሱ ካሏችሁ "እስከ 6 ሳምንት ታግሼ ካልሰራ ብሬን እንደምትመልሱ ጻፉልኝ" በሏቸው፣ አይጽፉም። በካርድ የከፈላችሁ ባንካችሁን ክፍያው እንዲመለስ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ካርቶኑንና ደረሰኙን ደሞ እንዳትጥሉ፣ እኔን ያለ ካርቶን አንቀበልም ብለውኛል።