ዲጂታል ወይስ ባለ መስመር? ለቶርኖ ቤት የሚሆን ካሊፐር

«የትኛውን ካሊፐር ልግዛ?» የሚለኝ በዝቷል። ካሊፐር ውፍረትና ቀዳዳ የሚለካ ባለ መንጋጋ መሣሪያ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቶርኖ ቤት የሚከፍት ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ዲጂታሉ ላይ ነው። እኔ ግን ባለ መስመሩን፣ ልኩ ከተቀረጹት መስመሮች የሚነበበውን ቨርኒየር ግዙ ባይ ነኝ።

ከዋጋው እንጀምር። ሰሞኑን መርካቶ ስጠይቅ የፕላስቲኩ ዲጂታል 1,200 ብር፣ የብረቱ ዲጂታል 3,500፣ ደህና ስቴንለስ ቨርኒየር 2,500 ተባልኩ። ከተከራከራችሁ መቶ ሁለት መቶ ይወርዳል። የፕላስቲኩ ርካሽነት እንዳያታልላችሁ። የሚያነበው በ0.1 ሚሊ ነው፤ ጠበቅ ሲያደርጉት መንጋጋው ይለመጣል። ለአናጢ ይሁን። የወፍጮ ዘንግ በ0.1 ሚሊ ከቀጠነ ግን ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ ይሽከረከራል፣ ዘንጉን ይበላዋል፣ ባለ ወፍጮውም እየተሳደበ ይመለስላችኋል።

የብረቱ ዲጂታል መለካቱን ይለካል። ጣጣው ቨርኒየር የማያስፈልገው ባትሪ ነው። ርካሾቹን ስታጠፏቸው የሚጠፋው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ውስጡ ባትሪ መብላቱን አያቆምም። ሱቅ በብዛት የሚሰጣችሁ ደግሞ ኤልአር44 የሚባለው ትንሽ ክብ ባትሪ ነው። በመጠን እኩያው የሆነውን ኤስአር44 ካገኛችሁ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ፤ ጉልበቱ እስከ መጨረሻው አይዋዥቅም። በደብረ ብርሃኑ ጠባሴ ሰፈር የጥዋት ብርድ የደከመ ባትሪ ቁጥሩን ብልጭ ድርግም ያሰኘዋል፣ ደንበኛ ቆሞ እያያችሁ።

አስመሳዩን ተጠንቀቁ። አንድ ባልደረባዬ የጃፓኑ መለኪያ ሠሪ የሚቱቶዮ ስም የታተመበትን ዲጂታል በ4,000 ብር ገዝቶ መጣ። ሳጥኑ ያምራል። ፈጠን አድርገን ስበን ስንዘጋው ዜሮ ላይ አልተመለሰም። ሻጩም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ አሰናበተው። እውነተኛው በዚያ ዋጋ አይታሰብም።

ስትገዙ ቁጥሩ 6204 የሆነ አዲስ ኩሽኔታ ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ደህና ፋብሪካ የሠራው ከሆነ የውጭው 47 ሚሊ፣ የውስጡ 20፣ ውፍረቱ 14 ነው። ሦስቱንም ለኩ። ከዚያ መንጋጋውን ገጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ በመሃል ብርሃን ከሾለከ መልሱለት። ሻጩ ቢኮሳተር ይኮሳተር።

ዓይናችሁ መስመር መለየት ካቃተው በቃ፣ የብረቱን ዲጂታል ውሰዱ። ሌላው ሰው ግን ቨርኒየሩን ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ከካሊፐር ይበልጥ አጥርቶ ለሚለካው ማይክሮሜትር ያጠራቅም፤ ኩሽኔታ የሚገባበትን ቦታ በካሊፐር ብቻ አልጨርስም። ሻጮች ረከስ ስለሚል ከ0 እስከ 25 ሚሊ የሚለካውን ማይክሮሜትር ይገፉላችኋል። 40 ሚሊ ዘንግ የምትሠሩ ከሆነ ግን ከ25 እስከ 50 የሚለው ነው የሚያስፈልጋችሁ።