ስለ እንግሊዝ የስርቆት ሕግ የሚያስተምር የኢንተርኔት ኮርስ፦ ብርቱው ክፍልና ያረጀው ክፍል

በእንግሊዝና በዌልስ የወንጀል ሕግ መሠረት በንብረት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በተቀዳ ቪዲዮ፣ በጽሑፍ ማስታወሻና በመልመጃ ጥያቄ የሚያስተምር አንድ የኢንተርኔት ኮርስ ከፍዬ ተከታትያለሁ። ያዘጋጀውን ተቋም ስም አልጠቅስም። የኮርሱ ጉድለት ያረፈው ግን በትምህርቱ ዋና ምሰሶ ላይ ስለሆነ በዝርዝር መናገር ግድ ነው።

የ1968ቱ የስርቆት ሕግ በአንቀጽ 1 ስርቆት የሚለው የሌላ ሰው የሆነን ንብረት፣ ያንን ሰው ለዘለቄታው ለማሳጣት በማሰብ፣ ሐቀኝነት በጎደለው ሁኔታ የራስ ማድረግን ነው። ኮርሱ የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል ትቶ በመጀመሪያ ሦስቱን ግዙፋዊ ፍሬ ነገሮች (የራስ ማድረግ፣ ንብረትና የሌላ ሰው መሆን)፣ ቀጥሎም ሁለቱን ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች፣ ማለትም የተከሳሹን ሐሳብ የሚመለከቱትን (ሐቀኝነት መጉደልና ለዘለቄታው የማሳጣት ሐሳብ) ያስተምራል፤ ይህ አከፋፈል ለጀማሪ በእጅጉ ይጠቅማል። «ንብረት» ምን ምን እንደሚያካትት የሚያስረዳው ክፍል አጭር ቢሆንም ምሳሌው በደንብ የተመረጠ ነው፤ የፈተና ወረቀት አስቀድሞ አግኝቶ ያነበበ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በስርቆት ሊቀጣ ያልቻለው በወረቀቱ ላይ የሰፈረው መረጃ በሕጉ አነጋገር ንብረት ስላልሆነ ነበር።

ከሁሉም የላቀው «የራስ ማድረግ» የሚለውን ፍሬ ነገር የሚተነትነው ክፍል ነው። መምህርቷ የሚነሡት ከሎውረንስ ጉዳይ ነው፤ እንግሊዝኛ በቅጡ የማያውቅ ጣሊያናዊ ተማሪ የከፈተውን የገንዘብ ቦርሳ ዘርግቶለት ሳለ፣ የታክሲ ሹፌሩ ከተገቢው ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ ወሰደ፤ የተማሪው ፈቃድም ሹፌሩን ከስርቆት አላዳነውም። ከዚያ ወደ ጎሜዝ ጉዳይ (1993) ያልፉና የባለንብረቱ ፈቃድ መኖሩ «የራስ ማድረግ»ን እንደማያስቀር፣ በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ማጽናቱን ያሳያሉ። በመጨረሻም የሂንክስን ጉዳይ (2000) ያነሣሉ፤ የማገናዘብ አቅሙ ውሱን ከሆነ ሰው ወደ 60,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ በስጦታ የተቀበለች ሴት፣ ስጦታው በፍትሐ ብሔር ሕግ የጸና ቢሆን እንኳ ስርቆት ልትፈጽም እንደምትችል ምክር ቤቱ በሦስት ለሁለት ድምፅ ወሰነ። መምህርቷ በልዩነት ለቆሙት ዳኞች ሰፊ ጊዜ መስጠታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ እኔም ብሆን ሐሳቤ ከእነዚያ ዳኞች ጋር ነው።

ከእነዚህ ፍርዶች በኋላ በሱቅ ውስጥ ዕቃ ማንሣት ብቻውን እንኳ «የራስ ማድረግ» ሊሆን ስለሚችል፣ ሌባውን ከደንበኛው የሚለየው በአብዛኛው ሐቀኝነት መጉደሉ ብቻ ሆኗል። ኮርሱ የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው። የሐቀኝነት ክፍሉ የሚያስተምረው በ1982 በጎሽ ጉዳይ የተቀመጠውን ባለሁለት ደረጃ መመዘኛ ነው፤ ይኸውም ድርጊቱ በተራ ሐቀኛ ሰዎች ሚዛን ነውር መሆኑን፣ ተከሳሹም ይህንን ማወቁን የሚጠይቅ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2017፣ ቁማርተኛው ፊል አይቪ በካዚኖ ላይ ባቀረበው የፍትሐ ብሔር ክርክር፣ ሁለተኛው ደረጃ ትክክለኛ ሕግ እንዳልሆነ ተናገረ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደግሞ በ2020 በባርተንና ቡዝ ጉዳይ ይህንኑ ለወንጀል ችሎቶች አጸና። አሁን ጁሪው (ከተራ ዜጎች የተውጣጣው ፍርድ ሰጪ ቡድን) ተከሳሹ ስለ ነገሩ በእርግጥ ምን ያውቅና ምን ያምን እንደነበር ካረጋገጠ በኋላ ድርጊቱን በተራ ሰዎች ሚዛን ይመዝናል፤ ተከሳሹ ራሱ ነውርነቱን መረዳቱ አይጠየቅም።

ስሕተቱ በመልመጃው ላይ ጎልቶ ይታያል። ከአሠሪው ካዝና ያለ ፈቃድ ገንዘብ ወስዶ ሰኞ ለመመለስ ያሰበ፣ «ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው» ብሎ የሚያምን ሠራተኛ ጥፋተኛ ነውን? የመልስ ወረቀቱ ይህ እምነት ነጻ ያወጣዋል ይላል። አሁን ባለው ሕግ አያወጣውም። እነዚያኑ ኖቶች ሳይሆን ተመጣጣኝ ገንዘብ ለመመለስ ማሰብም ለዘለቄታው የማሳጣትን ሐሳብ እንደማያስቀር ያው ኮርስ በሌላ ቪዲዮ በትክክል ያስተምራል፤ ይህ አለመናበብ ያስገርማል።

የቀረው በፍጥነት የሚታለፍ ቢሆንም ጥሩ ነው። ውንብድና ስርቆትና ኃይል በአንድ ላይ የሚገናኙበት ወንጀል መሆኑ፣ ኃይሉም ለመስረቅ ሲባል የተፈጸመ መሆን እንዳለበት፣ ቅጣቱም እስከ ዕድሜ ልክ እስራት እንደሚደርስ በግልጽ ተቀምጧል። በ1971ዱ ሕግ ስለ ንብረት ጉዳት የተሰጠው ትምህርት የ2003ቱን ፍርድ አካቷል፤ በ11 እና በ12 ዓመት ልጆች ጉዳይ ግዴለሽነት የሚለካው አደጋውን ተከሳሹ ራሱ በማወቁ እንደሆነ የተወሰነበት ነው። የ2006ቱ የማታለል ሕግ ግን ከሚገባው በታች ተነክቷል።

ስሕተቱን በጽሑፍ ባሳውቅም፣ አዲስ ቪዲዮ እየተዘጋጀ ነው ከሚል ምላሽ በቀር መልመጃው አልታረመም። ኮርሱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው የሐቀኝነት ክፍሉ መቼ እንደተቀዳ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከ2020 በፊት የተቀዳ ከሆነ ያንን ክፍል አልፎ ሁለቱን የፍርድ ውሳኔዎች በቀጥታ ማንበብ ይሻለዋል።