ጀልባ ላይ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ «ዓመቱን ሙሉ መብራት» የሚለውን የሶላር ውል እንዳትፈርሙ

ይህን የምጽፈው ለንደን ውስጥ በቦይ ጀልባ ላይ ለምትኖሩ፣ ወይም የቤት ኪራይ አንገፍግፏችሁ ወደ ጀልባ ለመግባት ለምታስቡ ነው። ሰሞኑን በሊ ወንዝና በሪጀንትስ ካናል ዳር አንድ የሶላር ጥቅል እየተሸጠ ነው። ሻጮቹ ጀልባችሁ ድረስ ይመጣሉ። ትሑቶች ናቸው፣ ሻይ ብትሰጧቸው ቁጭ ብለው ይጠጣሉ። «600 ዋት እንገጥምላችኋለን፣ ዓመቱን ሙሉ መብራት አላችሁ፣ ሞተር ማስነሳት ቀረ» ይላሉ። ዋጋው ከ3 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ግማሹን ቀብድ ዛሬውኑ በባንክ ካስገባችሁ ቅናሽ አለ። ካደረ ቅናሹ የለም።

አትፈርሙ። ቀብድም አትክፈሉ።

ሶላር አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። እኔም ጀልባ ላይ ነው የምኖረው፣ ጣሪያዬም ላይ ፓነል አለ። ከማርች እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ በጣም ያገለግለኛል። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ ባትሪዬን ሞልቶልኝ ይውላል። የምቃወመው «ዓመቱን ሙሉ» የሚለውን ነው። ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም።

ብዙዎቻችን ፀሐይን የምናውቃት ከአገር ቤት ነው። አዲስ አበባ በታኅሣሥ ወር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ቀኑም አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይረዝማል። ለንደን በዚያው ሰሞን፣ ዲሴምበር 21 አካባቢ፣ ፀሐይ በእኩለ ቀን የምትደርሰው 15 ዲግሪ ላይ ብቻ ነው። ቀኑ ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህም ሰማዩ ከጠራ ነው። ዲሴምበር ላይ ሰማዩ ስንት ቀን እንደሚጠራ እዚህ የከረመ ሁሉ ያውቀዋል።

15 ዲግሪ ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ። ከቦዩ በስተደቡብ አሥር ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ ቢኖር፣ ማለትም ሦስት ወለል ያህል፣ በዚያ ወቅት ጥላው በእኩለ ቀን ወደ 37 ሜትር ይረዝማል። ቦዩን፣ ጀልባችሁን፣ ማዶ ያለውን የእግር መንገድ ሁሉ ይሸፍነዋል። ሪጀንትስ ካናል በሃክኒ በኩል ሲያልፍ ብዙ ቦታ ግራና ቀኙ አፓርታማ ነው። እዚያ ታስራችሁ ከሆነ ፓነላችሁ ለሳምንታት ፀሐይ በቀጥታ ላያገኝ ይችላል። «ፀሐይ ያለበት ቦታ እየመረጥሽ እሰሪ» ማለት ቀላል ነው። ቋሚ ማሰሪያ የሌለን ሰዎች ግን በ1995ቱ የብሪቲሽ ዋተርዌይስ ሕግ መሠረት አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አንችልም። በዚያ ላይ ለንደን ውስጥ ባዶ ቦታ ስታገኙ ፀሐዩን አትጠይቁም፣ ገመዳችሁን ታስራላችሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 600 ዋት ፓነል ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ ተኝቶ፣ ጥላ ሳይነካው፣ ለንደን ላይ በጁን ወር በአማካይ በቀን ከ2 ኪሎዋት ሰዓት (2 ሺህ ዋት ሰዓት) በላይ ይሰጣል። ይህ ደህና ነው። ያው ፓነል በዲሴምበር የሚሰጠው በቀን ከ200 እስከ 300 ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፍሪጅ ብቻዋን በቀን 400 እና 500 ዋት ሰዓት ልትበላ ትችላለች። የውሃ ፓምፑ፣ መብራቱ፣ ኢንተርኔቱና ላፕቶፑ ገና አልተቆጠሩም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይሄ ነው።

እኔን ማመን የለባችሁም። ፒ ቪ ጂ አይ ኤስ የሚባል የአውሮፓ ኮሚሽን መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ቦታውን፣ የፓነሉን ዋትና ያዘነበለበትን አንግል ስትነግሩት በየወሩ ስንት እንደሚያመነጭ ያወጣላችኋል። ሻጩ ፊት ክፈቱትና «እስኪ ዲሴምበርን አሳየኝ» በሉት። የዓመቱን ድምር ሊያሳያችሁ ይሞክራል። የዓመቱ ድምር ጥሩ የሚመስለው የጁን ትርፍ ስላለበት ነው። የጁንን ትርፍ ደግሞ ለዲሴምበር ማቆየት አይቻልም። ባትሪው ከሞላ በኋላ የሚመጣው ፀሐይ እዚያው ይቀራል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የአንዲት እህታችን ነገር ነው። ቀብዱን ከፍላ፣ ፓነሎቹ መጥተው፣ ገና ሳይገጠሙ ጠራችኝ። ሦስት ፓነል ነው። እያንዳንዱ ካርቶን ላይ በትልቁ «200 ዋት» ይላል። አንዱን አውጥተን ገለበጥነው። ጀርባው ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት ነጭ ወረቀት ተለጥፋለች። በትንንሽ ፊደል ከተጻፉት ውስጥ ሁለት መስመር ፈለግን፤ ፓነሉ ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ የሚኖረው ቮልትና አምፒር። ወረቀቱ ላይ ቪ ኤም ፒ እና አይ ኤም ፒ ተብለው ነው የሚጻፉት። ቮልቱ 18፣ አምፒሩ 5.5 ይላል። አባዙት፤ 99 ዋት ነው።

በሜትርም ለካነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ ስፋቱ ከግማሽ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ፓነል በአንድ ካሬ ሜትር ከ200 እስከ 230 ዋት ነው የሚሰጠው፣ ያውም ሙሉ ፀሐይ ላይ። ከግማሽ ካሬ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ፓነል 200 ዋት ሊሆን አይችልም። ምንም ብራንድ ቢለጠፍበት አይችልም። ስለዚህ 600 ዋት ተብሎ የተሸጠላት 300 ዋት እንኳ አይሞላም። የዲሴምበሩን ቁጥር ለሁለት አካፍሉት እንግዲህ።

ፓነሎቹ እንደ ላስቲክ የሚተጣጠፉት ዓይነት ናቸው። ሻጩ «ቀላል ነው፣ ጣሪያሽ ላይ እናጣብቀዋለን፣ ከሩቅ አይታይም» ብሏታል። ከብረት ጣሪያ ጋር የተጣበቀ ፓነል ከሥሩ አየር አያገኝም፣ ይግላል። ሲግል ምርቱ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሲበላሽም ሲነቀል የጣሪያውን ቀለም ይዞ ነው የሚነሳው። መስታወት ያለው ደረቅ ፓነል፣ ከጣሪያው ትንሽ ከፍ ተደርጎ፣ የሚያዘነብል ማቆሚያ ላይ ቢሆን ይሻላል። በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ስታዘነብሉትም ምርቱ ይጨምራል። «የ25 ዓመት ዋስትና» የሚለውንም ጠይቁ፣ የማን ዋስትና? የፋብሪካው ነው ወይስ የገጣሚው? ፓነሉ ጀርባ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት የፋብሪካው ስም እንኳ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን በጣም አናደደኝ። «እንጀራም ትጋግሪበታለሽ» ብሏታል። ሀበሻ መሆኗን አይቶ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ12 ቮልት ባትሪ 3 ሺህ 500 ዋት ለማውጣት ወደ 290 አምፒር ያስፈልጋል፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሳይቆጠር። የሸጠላት አራት ባለ 110 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ ነው። ሊድ ባትሪ ዕድሜው እንዲቆይ ከግማሽ በታች ማውረድ የለባችሁም። እንዲህ ባለ ጭነት ቮልቱ ቶሎ ይወድቃል፣ ኢንቨርተሩም ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ሽቦው ቀጭን ከሆነና ፊውዝ ከሌለው ደግሞ ነገሩ ከእሳት ጋር ነው። የምትተኙበት ቤት ነው፣ መውጫው ሁለት ጠባብ በር ብቻ ነው። እንጀራ ጀልባ ላይ በጋዝ ጋግሩ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያው እየሠራ መሆኑን አይታችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ።

«መንግሥት ለምታመነጩት ይከፍላችኋል» የሚሉም አሉ። የድሮው ክፍያ ለአዲስ አመልካች ከ2019 ጀምሮ ተዘግቷል። አሁን ያለው ደግሞ ትርፉን ወደ አገሪቱ የመብራት መስመር መላክ ለሚችል ነው። በቦይ ላይ የሚንሳፈፍ፣ መስመር ያልገባለት ጀልባ ምኑን ይልካል?

ስለ መብታችሁ ደግሞ እወቁ። ሻጩ ጀልባችሁ ድረስ መጥቶ ካዋዋላችሁ፣ ሕጉ በአብዛኛው 14 ቀን የመሰረዝ መብት ይሰጣችኋል፣ ምክንያት ሳትሰጡ። ይህን መብት በጽሑፍ ካልነገራችሁ ጊዜው እስከ አንድ ዓመት ሊራዘም ይችላል። «ሥራው ነገ ይጀመር» የሚል ወረቀት ሲያስፈርሟችሁ ግን ጠርጥሩ። በራሳችሁ ጥያቄ ቶሎ የተጀመረ ሥራ ከሆነ፣ ብትሰርዙም ለተሠራው ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ፣ ለምሳሌ 200 ተብሎ 99 ከሆነ፣ የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ከተረከባችሁ በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ገንዘባችሁን እንድትጠይቁ ይፈቅዳል። የወረቀቱን ፎቶ አንሱ፣ ካርቶኑን አትጣሉ።

ሲከፈልም በክሬዲት ካርድ ይከፈል። የዕቃው ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30 ሺህ ከሆነ፣ ከፊሉን ብቻ በክሬዲት ካርድ ብትከፍሉ እንኳ፣ ሻጩ ቢክዳችሁ ባንኩን መጠየቅ ትችላላችሁ። ዴቢት ካርድ ይህ የሕግ ጥበቃ የለውም፣ የባንክ ዝውውርም የለውም። «በካርድ አንቀበልም» ካሏችሁ እዚያው ላይ ንግግሩ ይብቃ።

ሌላው የደኅንነት ምርመራው ነው። የጀልባ ደኅንነት ሰርተፊኬት በየአራት ዓመቱ ይታደሳል፣ ያለሱ ፈቃድ አይሰጥም። ያልታሰረ ባትሪና የተዝረከረከ ሽቦ ችግር ያመጣባችኋል። ገጣሚው ጣሪያ የሚበሳ ከሆነ ውሃ እንዳይገባ እንዴት እንደሚደፍነው በጽሑፍ ያስቀምጥ። ኢንሹራንሳችሁንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ታዲያ ማን ይግጠም? ማሪና ውስጥ መብራት ገብቶላችሁ የምትኖሩ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙት። ብዙ የምትንቀሳቀሱ ከሆነም ሞተሩ በየመንገዱ ባትሪውን ይሞላላችኋል፣ ብዙ ጊዜ ውሃውንም ያሞቅላችኋል፣ ስለዚህ ትንሽ ፓነል ይበቃል። ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ታስራችሁ የምትቆዩ፣ ሞተር ለባትሪ ብቻ እያስነሳችሁ ናፍጣ የምትጨርሱ ከሆናችሁ ግን ሶላር ይጠቅማችኋል። እናንተም ብትሆኑ ለዲሴምበርና ለጃንዋሪ ሞተሩን ወይም ሌላ መሙያ አስቡ። ከመግዛታችሁ በፊት በቀን ስንት ዋት ሰዓት እንደምትጠቀሙ በባትሪ መቆጣጠሪያ ለጥቂት ቀናት ተከታተሉ። ከዚያ ፓነሉን፣ ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን፣ ኤም ፒ ፒ ቲ የሚባለውን ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ሽቦውንና የገጠማውን ዋጋ ለየብቻ አስጽፉ፣ ከሁለት ከሦስት ገጣሚ። «ጥቅል ነው፣ አይነጣጠልም» የሚል ሰው የሚደብቀው ዋጋ አለ።

እህታችን ቀሪውን ግማሽ አልከፈለችም። መሰረዟን በኢሜይል አሳውቃለች፣ የፓነሎቹንም ፎቶ አያይዛለች። ቀብዱን ገና አልመለሱላትም። የሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር ላይ ደውላ ጉዳዩን አስመዝግባለች፣ አስተርጓሚ የምትፈልጉ ካላችሁ እነሱን ጠይቁ። ከእነዚህ ሻጮች የዋጋ ወረቀት የደረሳችሁ ካላችሁ ስማችሁንና አድራሻችሁን ሸፍናችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የፓነሉን ጀርባ ፎቶ ማንሳት አትርሱ።