«ፎርማት ይደረግ» ለሚሏችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ልጅ ጥሩት

እስኪ ዛሬ አንድ ኮምፒውተር ሠሪ ልጅ ላመስግን።

ስድስት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሟች የሕይወት ታሪክ፤ ሰፈሩ የሚያስተይበው ሁሉ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ አንድ የደንበኛ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ መጣና ፎልደሮቼን በሙሉ ሾርትከት አደረጋቸው። ቀጥሎ ማሽኑ ጭራሽ ዊንዶውስ አልከፍትም አለ።

ኮምፒውተር ሠሪ ጋ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ገና ሳይነኩት «ፎርማት ይደረግ» ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ሌላኛዋን ማሽኔን አንድ ቤት ሰጥቼ ነበር፣ «ዳታው እንዳይነካ» ብዬ ደጋግሜ ነግሬው። ፎርማት አድርጎ ጠበቀኝ። «አዲስ ሆነችልሽ» ይለኛል ደግሞ! ሌላው «ነገ ነይ፣ ነገ ነይ» ሲለኝ ከረመ። ምክንያቱ ሁሌም መብራት ሄዶ ኮፒው እንደገና ተጀመረ ነው። በመጨረሻ የሰጠኝ ግማሹን ነው፤ ያውም በአማርኛ የሰየምኳቸው ፋይሎች ስማቸው የጥያቄ ምልክት ሆኖ። ገንዘቡን ግን ሙሉ ተቀብሏል።

ያንገበገበኝ የጎረቤታችን የሕይወት ታሪክ ነው። በቀብራቸው ዕለት የተነበበውን፣ ልጃቸው ለሙት ዓመታቸው ፈልጋ መጣች። ጠፍቷል አልኳት። ምንም አላለችኝም። ምን ትበል?

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ መመረቂያዋን እኔ ጋ ያስተየበች ተማሪ ናት። ደውዬ «ማሽኑን ላምጣልህ?» አልኩት። «አይ እትዬ፣ የሰው ምስጢር ያለበት ነው፤ እኔ እመጣለሁ» አለኝ። መጣም። ከራሱ ፍላሽ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ሊኑክስ የሚባለውን አስነሳና ጥቁር መስኮት ከፈተ። ማውዝ የለ፣ ሥዕል የለ፣ መጻፍ ብቻ። ይሄማ የኛ ሥራ ነው አልኩት። ጠፉ የተባሉት ፎልደሮች እዚያው ቁጭ ብለዋል! ቫይረሱ ደብቋቸው ነው እንጂ አላጠፋቸውም።

ከዚያ ምንም ሳይነካ፣ ወደ ኤክስተርናሉ (ከውጭ የሚሰካው ሃርድ ዲስክ) ምን ምን ኮፒ እንደሚደረግ ዝርዝሩን ብቻ አወጣና «ያንብቡት፣ የጎደለ ካለ ይንገሩኝ» አለኝ። እኔን! ከዚያ በፊት ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ኮፒው እየሄደ ሳለ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ካረጀ ቆይቷል፤ ሁሉም በአንዴ ድርግም አለ። እኔ ራሴን ይዣለሁ። ልጁ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «እትዬ፣ ቡና የለም?» አለኝ። ቡናው እስኪፈላ አጫወተኝ። ኮፒ የሚያደርግበት ፕሮግራም አርሲንክ (rsync) ይባላል። አንድሪው ትሪጄል እና ፖል ማከራስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አውስትራሊያ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1996 የለቀቁት ነው፤ በነፃ። ተወስዶ ያለቀውን ፋይል አይደግምም፣ የጎደለውንና የተለወጠውን ብቻ ይወስዳል። እንዴት እንደሚለይ አስረድቶኝ ነበር። አልገባኝም፤ ግን እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ።

መብራት ሲመጣ ያችኑ ትዕዛዝ መልሶ ጻፈ። እውነትም ከዜሮ አልጀመረም! ያለቀውን እየዘለለ የቀረውን ቀጠለ። ያን የ«ነገ ነይ» ሰውዬ አሰብኩት፤ ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም።

ሌላም ልንገራችሁ። የድሮ ፋይሎቼ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መተየቢያ የተተየቡ ናቸው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው አለኝ፤ በድሮው ዘዴ የተተየበ ጽሑፍ የራሱ ፎንት ከሌለ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ስለዚህ ፎንቶቹንም ለብቻ ፎልደር አድርጎ አስቀመጠልኝ። ሳልጠይቀው! ተባረክ ልጄ።

በመጨረሻ «አንድ ፋይል ይምረጡልኝ» አለኝ። የእናቴን የሕይወት ታሪክ አልኩት። ከኤክስተርናሉ ላይ አውጥቶ በራሱ ላፕቶፕ ከፈተው። አንድ ፊደል አልተዛባም። «ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም» አለኝ፤ ባክአፕ የሚለው መጠባበቂያ ቅጂውን ነው። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። የመጀመሪያውን የጽሕፈት መኪና የገዛችልኝ ግን እሷ ናት፤ ጠላ ሸጣ። ይህን ለልጁም ነገርኩት፣ ሥራውን አስፈታሁት መሰለኝ።

ዊንዶውሱን አዲስ የጫነው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አሁን ኤክስተርናሉ ሁለት ነው፤ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቤት። ትዕዛዙን በወረቀት ጽፎልኝ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። አርብ አርብ ማታ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ራሴ እተይበዋለሁ። የሳምንቱን ብቻ ስለሚወስድ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ሱቅ እስክዘጋ ያልቃል።

እናንተ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የሒሳብ ሥራ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ ጥሩት። ፎቶ ቤት ያላችሁማ ነገ ዛሬ አትበሉ። ሳላስፈቅደው ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው እልክላችኋለሁ። ማርፈድ ይወዳል፣ አልዋሽም። ሦስት ሰዓት ካላችሁት አራት ሰዓት ነው። ዋጋ ላይ ግን አትከራከሩት፤ ራሱ ቀንሶ ነው የሚናገረው።