ውጅግራ፣ ካርካኖ ወይስ ቤልጅግ? በአዲሱ ዓመት አንድ አሮጌ ጠመንጃ ለመግዛት ላሰበ ሰብሳቢ የቀረበ ንጽጽር

በአሜሪካ የሚኖሩ ጠመንጃ ወዳድ ወገኖቻችን ጃንዋሪ ሲቃረብ የሚያወጡት ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገሮችን ያጣምራል፤ አንደኛው ወደ ዒላማ ተኩስ ሜዳ አዘውትሮ መሄድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ታሪክ ያለው አሮጌ ጠመንጃ ገዝቶ ስብስብ መጀመር ነው። ሁለቱንም በአንድ ጠመንጃ ማሳካት ይቻላል፤ ነገር ግን ማንኛውም አሮጌ ጠመንጃ ለዚህ አይሆንም። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አሜሪካ ገበያ ስለገቡ፣ አያቶቻችንና ቅድመ አያቶቻችን ለአገራቸው የተዋጉባቸውን ዓይነቶች ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ በክብር ማስቀመጥ የሚቻልበት ጊዜ ላይ እንገኛለን። ይህ ዕድል ለዘለዓለም የሚቆይ ስላልሆነ ምርጫው በጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል።

ከዋጋና ከውበት በፊት ሕጉ ይቀድማል። በ1968 (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የአሜሪካ ፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሠረት፣ እስከ 1898 መጨረሻ ድረስ የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ ሳያስፈልገው ሊሸጥና ሊገዛ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ደግሞ ቢያንስ 50 ዓመት የሞላውና የመጀመሪያ መልኩን ያልለቀቀ ከሆነ በሰብሳቢነት ፈቃድ ይገዛል፤ ፈቃዱ 21 ዓመት ለሞላው ሰው ይሰጣል፣ ክፍያው 30 ዶላር ነው፣ የሚያገለግለውም ለሦስት ዓመት ነው። ፈቃዱ ያለው ሰው ከሌላ ክፍለ ግዛት ያዘዘውን አሮጌ ጠመንጃ በቀጥታ ቤቱ ሊረከብ ይችላል፤ በአንጻሩ የገዛውንና የሸጠውን ሁሉ በመዝገብ የማስፈር ግዴታ አለበት፣ ሊነግድበትም አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ ለመግዛት በዜግነቱ ምክንያት አይከለከልም፤ በተማሪነት፣ በጎብኚነት ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ሕጉ ከፈቀዳቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ የተከለከለ ነው። የክፍለ ግዛትና የከተማ ሕግ ከፌዴራሉ ሊጠብቅ ስለሚችል፣ በተለይ በዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የአካባቢውን ደንብ ማጣራት አለበት።

ሦስቱን ዋና ዋና ዕጩዎች እንመልከት። ውጅግራ ፈረንሳይ በ1874 የተቀበለችው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠመንጃ ነው። ሙሉው ርዝመቱ 1.30 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ4 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ፈረንሳዮች በ1886 ጭስ በማያወጣ ባሩድ የሚሠራውን ለበን የተባለ ጠመንጃ ሲቀበሉ ውጅግራው ከግንባር ወጥቶ ለሽያጭ በመብቃቱ፣ በጅቡቲ በኩል በብዛት ወደ አገራችን ገባ፤ በዓድዋ ጦርነት ከዘመቱት ጠመንጃዎች መካከልም ስሙ በመጀመሪያ ከሚጠሩት አንዱ ነው። ለሰብሳቢ ከዚህ የበለጠ ትርጉም ያለው ጠመንጃ ማግኘት ይከብዳል፤ ከ1898 በፊት የተሠራ በመሆኑም በፌዴራል ሕግ አገዛዙ ከሁሉም የቀለለ ነው። የተሠራበት ዓመት በአፈሙዙ ሥር በስተቀኝ በኩል ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ ቀስ ብሎ ያለሰለሰ ሰው ቁጥሩን ሊያነብ ይችላል። ከኢትዮጵያ የመጡት ብዙዎቹ አፈሙዛቸው አጥሯል፣ ሰደፋቸው በቆርቆሮ፣ በሽቦ ወይም በቆዳ ተጠግኗል። አንዳንድ ገዢ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን አንድ ባለቤት ጠመንጃውን ለልጁ ለማቆየት የደከመበት ምልክት ስለሆነ እንዳይነካ አጥብቄ እመክራለሁ።

በተኩስ በኩል ግን ውጅግራ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥይቱ እንደሌሎቹ በየሱቁ አይገኝም፤ ተኳሹ ቀለሁን ፈልጎ፣ እርሳሱን አቅልጦ፣ ጥይቱን ራሱ ማሰናዳት ይኖርበታል። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ ጭስ የማያወጣውን ዘመናዊ ባሩድ መሙላት ጠመንጃውን ሊያፈነዳ፣ ተኳሹንም ሊያቆስል ይችላል። ከተኩስ በኋላ የጥቁር ባሩድ ጥላት እርጥበት እየሳበ ብረቱን ስለሚበላ፣ አፈሙዙ በዚያው ቀን በውኃ ታጥቦ ደርቆ በዘይት መወልወል አለበት። መጠበቂያም የለውም፤ ስለዚህ የሚጎርሰው ዒላማው ፊት ከተቆመ በኋላ ብቻ ነው።

ካርካኖ የኢጣሊያ እግረኛ ሠራዊት ከ1891 ጀምሮ የታጠቀው፣ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ሲሆን፣ ወራሪው ሠራዊት ይዞት መጥቶ በምርኮ በአርበኞች እጅ የገባም ነው። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ በርካሽ የሚገኘው እሱ ነው። ስድስት ጥይት በአንድ የብረት ክሊፕ ታቅፎ ይገባና፣ የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ክሊፑ ከካዝናው ሥር ይወድቃል። ስለዚህ ጠመንጃውን የሚገዛ ሰው ክሊፑንም አብሮ መግዛት አለበት፤ ያለ እሱ ካዝናው አይሠራም። ርግጫው የለዘበ ስለሆነ ለጀማሪ ተኳሽ ይመቻል። በብዛት የሚነሳበት ቅሬታ አያነጣጥርም የሚል ነው፤ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። የካርካኖ አፈሙዝ ከሌሎች 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃዎች ትንሽ ሰፋ ያለ በመሆኑ 6.8 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው እርሳስ ይፈልጋል፤ ቀጭኑ ሲተኮስበት በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጸውን ጥምዝ መስመር በሚገባ ስለማይዝ፣ ጥይቶቹ ዒላማው ላይ ይበታተናሉ። በ1938 የወጣው አጭር ሞዴል መጀመሪያ በ7.35 ሚሊ ሜትር የተሠራ ስለነበር፣ ገዢው በየትኛው ጥይት እንደሚሠራ ሳያረጋግጥ ጥይት ማዘዝ የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በዚሁ ገበያ በብዛት የሚገኘው ቬተርሊ የተባለው የኢጣሊያ ጠመንጃ በ1870 ለጥቁር ባሩድ የተነደፈ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ብዙው የካርካኖን ጥይት እንዲተኩስ ተለውጧል። ጥይቱ ይገባበታል፣ ይተኩሳልም፤ መዝጊያው ግን የአሮጌው ዘመን መዝጊያ ስለሆነ ያን ግፊት እንዲሸከም አልተሠራም። ግድግዳ ላይ ያምራል፤ እንዲተኮስበት ግን አልመክርም።

ቤልጅግ በቤልጅግ አገር በኤርስታል ከተማ፣ ኤፍ ኤን በተባለው ፋብሪካ የተሠራው የጀርመኑ ማውዘር ጠመንጃ ዓይነት ነው። የቤልጅግ መኮንኖች በ1930 ገደማ የክብር ዘበኛን ማሠልጠን ሲጀምሩ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሠራዊቱን በዘመናዊ መልክ ለማስታጠቅ ከመረጣቸው ጠመንጃዎች አንዱ ይህ ነበር። መዝጊያው ጠንካራ ነው፤ አምስት ጥይት ይይዛል፤ 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይቱም ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ ፋብሪካዎች ይመረታል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ይህን ጥይት ለአሮጌዎቹ የ1888 የጀርመን ጠመንጃዎች በመሥጋት አለዝበው ስለሚሞሉት፣ ከአውሮፓው ይልቅ ርግጫው የቀለለ ነው፤ ያረጀ ሰደፍ ላለው ጠመንጃ እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። የይሁዳ አንበሳ ምልክት የታተመበት ከተገኘ ዋጋው ከተራው በብዙ ይበልጣል። ምልክቱ የተፋቀ ወይም እንደገና የተቀረጸ መስሎ ከታየ ግን ከመክፈል በፊት ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ያስፈልጋል።

በ1941 ከእንግሊዞች ጋር የገባው ሊ ኤንፊልድም አሥር ጥይት የሚይዝና ለተኩስ በጣም የሚመች ነው፤ ሆኖም በዓለም ሁሉ በብዛት የሚገኝ ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ ስብስብ የመጀመሪያ ግዢ አላደርገውም።

ስለዚህ ምርጫው በዕቅዱ ይወሰናል። በዓመቱ ውስጥ አዘውትሮ መተኮስ የሚፈልግና አንድ ጠመንጃ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ቤልጅግን ይግዛ፤ ዋጋው ከካርካኖ ቢበልጥም በጥይት አቅርቦትና በጥንካሬ ልዩነቱን ይመልሳል። ገንዘቡ የተወሰነ ከሆነ አፈሙዙ ንጹሕ የሆነ ካርካኖ ከተበላ ቤልጅግ ይሻላል። ዋና ሐሳቡ ተኩስ ሳይሆን ለልጆቹ የሚያወርሰው የዓድዋ ዘመን መታሰቢያ ከሆነ ደግሞ፣ ያለ ጥርጥር ውጅግራን ይምረጥ።

የትኛውም ቢመረጥ ሻጩን የአፈሙዙን ውስጥ በብርሃን የሚያሳይ ፎቶግራፍ መጠየቅ፣ በመዝጊያውና በጠመንጃው አካል ላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ መሆናቸውን ማየት፣ አስመጪው ያተመው ምልክት የት እንዳረፈ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚያም የመጀመሪያው ጥይት ከመተኮሱ በፊት ጠመንጃው ለባለሙያ ተሰጥቶ፣ ቀለሁ በሚቀመጥበት ጎሬና በመዝጊያው መካከል ያለው ክፍተት ይለካ፤ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የተወሰደ በሆነበት ጊዜ ይህ ክፍተት ከሚፈቀደው አልፎ ቀለህ ሊያፈነዳ ይችላል። የልኬቱ ክፍያ ከጠመንጃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ይያዝ።